ከኮርኒሱ በፊት መስኮቱ

ሰባተኛ፣ ከአውቶቡስ ተራ ብዙም ሳይርቅ፣ አምስት ቤተሰብ አንድ በር፣ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት የሚጋራበት ግቢ። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ውስጡ አንድ ክፍልና ከበላዩ የተሠራ ቆጥ። ምራት የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ በአንድ የግል ክሊኒክ በነርስነት ትሠራለች፣ አሁን የወሊድ ፈቃድ ወጥታለች። አማት እዚሁ ቤት አድገው እዚሁ ወልደዋል። ልጃቸው መርካቶ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል፤ ሰሞኑን ዕቁብ ደርሶት ቤቱን ላድስ ብሎ ተነሥቷል። ልጅ ሲመጣ ቤት ማደስ በከተማችን የተለመደ ነው፤ ከምኑ እንደሚጀመር ግን ከዕቃ ሻጩ በቀር የሚመክር እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ የሁለቱን ሴቶች ንግግር እንዳለ አስቀምጠዋለሁ፤ ሁለቱም የሚናገሩት የሚያውቁትን ነው።

አማት፦ እስቲ ቁጭ በይ ልጄ። ቆመሽ ግድግዳ ስትነካኪ እግርሽ ያብጣል።

ምራት፦ እማዬ፣ እርስዎም ይንኩት እስቲ። ከወለሉ አንድ ክንድ ያህል እርጥብ ነው። ዝናቡ ካቆመ ቆየ፤ ይሄ ግን አልደረቀም። አልጋችን የሚጠጋው ደግሞ በዚሁ በኩል ነው።

አማት፦ እሱማ የኖረ ነው። የኋላው ቤት ቆርቆሮ አሸንዳ የለውም፤ ጠብታው በሙሉ የሚወርደው ግድግዳችን ሥር ነው። ለማንኛውም ነገ አናጺው ይመጣል። ኮርኒሱ በቺፑድ ይሠራል፣ ግድግዳው ጀሶ ይመታል፣ ከዚያ ቀለም ነው። ለክርስትናው የሚመጣ ሰው ቤቱ እስኪጠፋው ድረስ ነው የሚያምረው።

ምራት፦ እኔም እንዲያምር እፈልጋለሁ። ግን እርጥብ ግድግዳ ላይ የተመታ ጀሶ ክረምት አይሻገርም። ያብጥና እየተላጠ ይወርዳል፣ ቀለሙንም ይዞ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ኮርኒሱ ነው።

አማት፦ ኮርኒስ ደግሞ ምን አደረገ? ይሄን ሁሉ ዓመት ከጣሪያው ጥላሸት ሲረግፍብን፣ ሌሊት ሌሊት የቆርቆሮው ብርድ ሲወርድብን የኖርነው ኮርኒስ ስለሌለን አይደል?

ምራት፦ ልክ ነው። ግን ቀና ይበሉና ግድግዳውና ቆርቆሮው የሚገናኙበትን ይመልከቱ። ብርሃን ይታያል አይደል? ይህ ቤት በር ከተዘጋ በኋላ አየር የሚያገኘው በዚያች ክፍተት ብቻ ነው። የከሰሉ ጢስ፣ እጣኑ፣ የሁላችንም ትንፋሽ የሚወጣው በዚያ ነው። ኮርኒሱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሲመታ እሷ ትዘጋለች። መስኮት ሳናወጣ ኮርኒስ ከሠራን ቤቱን እያሳመርን አፈንነው ማለት ነው።

አማት፦ መስኮት? በአራስ ቤት? አራስና ሕፃን ብርድ እንዳይመታቸው በሩ ራሱ መጋረጃ ተጥሎበት ነው የሚከፈተው። እኔ የወለድኩት እዚህች ጥግ ላይ ነው፤ ሴቶቹ «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ፣ የሰፈሩ አዋላጅ ወገቤን ይዘው። ከዚያ እስከ ክርስትናው ድረስ ከዚህች ጥግ አልተነሣሁም። ገንፎው ይገባል፣ አጥሚቱ ይገባል፣ ጠያቂው ይገባል፤ ብርድ ግን አይገባም። ልጆቼም ይኸው አደጉ።

ምራት፦ ሌላ ሰው ውሃ እየቀዳልዎ፣ ገንፎ እየተሠራልዎ አርፈው መተኛትዎ ትልቅ ነገር ነው። እኔም ያንን እፈልጋለሁ፤ የሚያደርጉልኝም እርስዎ ነዎት። ሕፃኑም እንዲሞቀው እፈልጋለሁ። ገና የተወለደ ልጅ ሙቀቱን ቶሎ ነው የሚያጣው፤ ለዚህ ነው አሁን ሆስፒታልም ሆነ ጤና ጣቢያ ሲወለድ ወዲያው አድርቀው እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ የሚያስተኙት። ሙቀት ከእኔ ገላና ከልብሱ ያገኛል። የታፈነ ቤት የሚሰጠው ሌላ ነገር ነው።

አማት፦ ምን ይሰጠዋል?

ምራት፦ ሳል ይሰጠዋል፣ ቲቢ ይሰጠዋል። የሳንባ ቲቢ ያለበት ሰው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲያስል ተሐዋሲው አየር ላይ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ነፋስ ካለ ይበተናል፣ ፀሐይ ካገኘው ይሞታል። በዚህ ሰፈር ሰው እንዴት ተጠጋግቶ እንደሚኖር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ልጁ እንደተወለደ ክንዱ ላይ ቢሲጂ ይከተባል፤ እሱ ሕፃናትን ከከባዱ ዓይነት፣ ወደ አንጎል ከሚወጣው ይጠብቃል። ጨርሶ እንዳይያዝ ግን ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ለቀረው አየር ያስፈልጋል።

አማት፦ ከሰሉንስ ልትከለክዪኝ ነው? ቡና ሳላፈላ መዋል እንደማልችል ታውቂያለሽ።

ምራት፦ ቡናው ይፈላ እማዬ፤ ግን ውጭ፣ በረንዳው ላይ። ከሰል ጢሱ ካለቀና ፍም ከሆነ በኋላ ሰው ይዘናጋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አይታይም፣ አይሸትም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ሆድ ውስጥ ያለ ልጅ ላይ ደግሞ ከእናቱ ይበልጥ ይከብዳል።

አማት፦ እሱንስ አልክድሽም። በብርድ ሰሞን ከሰል አስገብተው፣ በር ዘግተው ተኝተው ስለቀሩ ሰዎች በየጊዜው እንሰማለን። እኔም ራሴን ሲያዞረኝ ስንቴ በር ላይ ወጥቼ ተቀምጫለሁ።

ምራት፦ እዚህ ጋ ደግሞ ያንኳኩልኝ እስቲ። ማገሩ ይቋረጣል፤ ጭቃውም ከሌላው ይሳሳል።

አማት፦ አገኘሽው። እሱ መስኮት ነበር።

ምራት፦ እዚህ ቤት መስኮት ነበረው?

አማት፦ አባቴ ሲከራየው ሁለት ክፍል ነበር፤ ይሄ ሳሎን፣ ከኋላ ጓዳ። በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ፣ አዋጅ ቁጥር 47። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፤ ሬዲዮ ያለው ቤት ሰው እንዴት ተሰብስቦ እንደነበር አስታውሳለሁ። የባለ ብዙ ቤት ትርፉ ተወረሰ። ወርሃዊ ኪራዩ ከ100 ብር የማያልፈው ለቀበሌ ሆነ፣ ከዚያ በላይ ያለው ወደ ኪራይ ቤቶች ሄደ። ኪራይም ተቀነሰ፤ ቅናሹ ከ15 እስከ 50 በመቶ ነበር፣ ብዙው የተቀነሰውም አነስተኛ ኪራይ ለሚከፍለው ነው። አባቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎት አላየሁትም። ከዚያ ወዲያ ከቤት ያስወጡኛል ብሎ ሳይሰጋ ነው የኖረው። ይህን አትርሺ፤ ይህች ክፍል እኔን አሳድጋ ለአንቺ የደረሰችው በዚያ ነው።

ምራት፦ መስኮቱስ?

አማት፦ ቆይቶ ቤት የሌለው ሰው በዛ፤ ቀበሌው ጓዳውን ለሌላ ቤተሰብ ሰጠ። መሐል ላይ ግድግዳ ቆመ። እነሱም የሚያበስሉበት ስለሌላቸው መስኮታችን ላይ ተጠግተው ኩሽና ቀጠሉ፤ ምን ያድርጉ፣ እነሱም ሰው ናቸው። ጢሱ ሲያስቸግረን አባቴ መስኮቱን በጭቃ ደፈነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱን የሚያድስ አልተገኘም። ኪራዩ ትንሽ ነው፤ በዚያ ኪራይ ቀበሌ ምን ያሳድስ? ተከራዩም የእኔ አይደለም እያለ አይነካውም። ሰባተኛ ብትዪ፣ አማኑኤል ጀርባ ብትዪ፣ ጭቃው የሚረግፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ምራት፦ እንግዲያ ያንን መስኮት ብንከፍተው የጎረቤትን ጢስ መጥራት ይሆናል።

አማት፦ እሱ አይነካም። መስኮት ከፈለግሽ ከበሩ በላይ ነው። ከበሩ ጉበን እስከ ጣሪያው ሁለት ክንድ የሚያህል ግድግዳ አለ። ከፍ ስለሚል ነፋሱ አልጋ ላይ አያርፍም፤ አላፊ አግዳሚም አያይሽም። ግን ብቻውን አይበቃም። አየር መውጫ ካላገኘ አይገባም። ስለዚህ ፊት ለፊቱ፣ ከቆጡ በላይ ባለው ግድግዳ፣ ወንፊት የተመታበት ትንሽ ቀዳዳ ይኑር። ኮርኒሱም ሲሠራ ከእነዚህ በላይ ይሁን።

ምራት፦ ይሄን ለምን እስካሁን አልነገሩኝም?

አማት፦ አልጠየቅሽኝማ። ደግሞም አልጨረስኩም። ግድግዳ የሚነካ ሥራ ስለሆነ ወረዳ ያስፈልጋል፤ የቀበሌ ቤት ተከራይ ሳያስፈቅድ አያድስም። ውሉ በእኔ ስም ስለሆነ ማመልከቻውም በእኔ ስም ይጻፋል። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፒያሳን አይተሻል። ካዛንቺስን አይተሻል። በ2016 እዚያ፣ በ2017 እዚህ ለልማት ይፈርሳል እየተባለ ስንት ዘመን የኖረ ሰው ዕቃውን ጭኖ ሄደ። እኛስ ብንነሣ? ዕቁቡ ከግድግዳው ጋር ሊፈርስ አይደለም? ልጄ በ2005 ለኮንዶሚኒየም ሲመዘገብ ጀምሮ ይቆጥባል፤ እዚያው ላይ ቢጨምረው አይሻልም?

ምራት፦ ይሄ ጥያቄ እንቅልፍ ሲነሣኝ ነው የከረመው። በ2005 የተመዘገበው ከ900 ሺህ በላይ ሰው ነው፤ የእኛ ዕጣ መቼ እንደሚወጣ የሚነግረን የለም። የልጁ ወር ግን ታውቋል። ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ እየጠባ የሚውለውና የሚያድረው እዚህች ክፍል ውስጥ ነው። ስለዚህ ወጪውን ለሁለት ከፈልኩት፤ ብንነሣ ይዘነው የምንሄደው አለ፣ ጥለነው የምንሄደው አለ። የብረት መስኮቱ ተነቅሎ ይሄዳል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ብንገዛ ይሄዳል። የልጁ አልጋ ይሄዳል። ጭቃው፣ ድንጋዩና ቦዩ ይቀራል፤ እነዚህ ርካሾቹ ናቸው። ጀሶው፣ ቺፑዱና ቀለሙም ይቀራል፤ ውዶቹ ደግሞ እነሱ ናቸው። ልጄን የሚጠቅመው እንዳለ ርካሹና ተነቅሎ የሚሄደው ውስጥ ነው ያለው።

አማት፦ ይሄን ለባልሽ እንደዚህ አድርገሽ ነግረሽዋል?

ምራት፦ ጀምሬ ነበር። እሱ ግን ልጅ ሳይወለድ ሰው ፊት የሚያቆመው ነገር ለቤቱ ማድረግ ይፈልጋል። አባት መሆኑን የሚያሳየው በዚያ ነው መሰለኝ፤ አልፈርድበትም። ሱቁ ውስጥ ሲውል የሚያየውም አዲስ ኮርኒስ፣ አዲስ ጀሶ ነው።

አማት፦ እኔ እነግረዋለሁ። አሁን ወደ እርጥበቱ እንምጣ። ምን ይደረግ ነው የምትዪው?

ምራት፦ ከታች አንድ ሜትር ያህል በሲሚንቶ ቢለሰን ብዬ ነበር።

አማት፦ እሱ ላይ አልስማማም። ሲሚንቶ ጭቃ ላይ አይይዝም። ጭቃው ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ሲረጥብ ያብጣል፤ ሲሚንቶው ግን አይሰበሰብም፣ አያብጥም። ሽቦ ወጥረው ቢለስኑትም ውሃው ከሥር ይገባና መውጫ ያጣል። ከፊቱ ሲያዩት ደረቅ ይመስላል፤ ውስጥ ውስጡን ግን ቋሚው ይበሰብሳል። አንድ ቀን እጅሽን ስትጫኚው ገባ ይላል። እዚህ ግቢ ከዳር ያለው ቤት እንደዚያ ሆኖ ነው ያዘመመው።

ምራት፦ ታዲያ እንዴት ይደረግ?

አማት፦ መጀመሪያ ውሃው ይራቅ። ከኋላው ጎረቤት ጋር ተነጋግረን አሸንዳውን እኛ እንግዛላቸው፤ ከጀሶ አይበልጥም። ከግድግዳው ሥር ቦይ ይቆፈርና ወደ ግቢው መውረጃ ይመለስ። ቀጥሎ የታችኛው ጭቃ አንድ ክንድ ያህል ይነቀል፤ የበሰበሰው ቋሚ በአዲስ ይለወጥ፣ ከሥሩ ድንጋይ ይግባበት። ከዚያ ምርጊት ነው። ቀይ አፈር ይመጣል፣ ከጭድ ተራ የጤፍ ጭድ ይመጣል። ውሃ ይጠጣና ይረገጣል፣ ይሸፈንና ይከርማል፤ እየቆየ ውሃ እየተጨመረበት እንደገና ይረገጣል። የቦካ ጭቃ መሽተት ይጀምራል፤ እጅሽ ላይ ሲሳብ ታዪዋለሽ። ያልቦካ ጭቃ ነው የሚሰነጠቀው። የመጀመሪያው ምርጊት ሳይደርቅ ሁለተኛው አይጫንበትም። በመጨረሻ ቀጭኑ ጭቃ በእጅ ይታሻል። እናቴ ስታሸው ግድግዳው እንደ ሞሰብ ክዳን ነበር የሚለሰልሰው። ቀለም ያማረሽ እንደሆነ ከዚያ በላይ ኖራ ነው፤ ኖራ ጭቃውን ያስተነፍሰዋል።

ምራት፦ እንዳሉት ይሁን። ሲሚንቶውን ተውኩት። አሁን እኔ ደግሞ የማልስማማበት አለ። ባለቤቴ ትናንት ከምናለሽ ተራ አሮጌ የብረት መስኮት ገዝቶ አምጥቷል። ቢጫ የዘይት ቀለም የተቀባ ነው፤ ተልጦ ተልጦ ሥሩ ሌላ ቀለም ይታያል። እሁድ ግቢ ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ሊቀባው ነው።

አማት፦ ጥሩ አይደል? አዲስ ከመግዛት ስንት ይቀንሳል።

ምራት፦ መስኮቱ ጥሩ ነው። ቀለሙ ነው። በድሮ የዘይት ቀለም ውስጥ፣ በተለይ በቢጫውና በቀዩ፣ ሊድ የሚባል ብረት ይገባ ነበር። ቀለሙ ደማቅ እንዲሆንና ቶሎ እንዲደርቅ ይረዳል። የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው ሊድ ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ90 እጅ እንዳያልፍ ተወስኗል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን ምን እንዳለበት አይታወቅም። ሲፈገፈግ ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ ወለል ላይ፣ የተሰጣ ልብስ ላይ፣ አልጋ ላይ ያርፋል። ልጅ መዳህ ሲጀምር እጁ ሁሌ አፉ ውስጥ ነው። ሊድ የሚጎዳው አንጎሉን ነው፤ ለሕፃን ይህን ያህሉ አይጎዳም የሚባል መጠን የለውም፣ የተጎዳውም አይመለስም። ነፍሰ ጡር ሆኜ እኔ ራሴ ብተነፍሰው ወደ እሱ ይሻገራል።

አማት፦ የማርያም ያለህ! እኛ የሕፃን አልጋ ሁሉ በዚያ ቀለም ነበር የምንቀባው። ታዲያ መስኮቱ ይመለስ?

ምራት፦ ካልመለሱለት እዚህ ግቢ ውስጥ እንዳይፈገፈግ። ይህን ሥራ ሁልጊዜ የሚሠሩ ሰዎች ጋ ወስዶ፣ ሕፃን በሌለበት ቦታ፣ ውሃ እያስነኩ እንዲያነሡለት። በእሳት እንዳያቃጥሉት ደግሞ ይንገራቸው፤ ጢሱ ከዱቄቱ አይሻልም። አዲስ ቀለም ቢቀባም በውሃ የሚበጠበጠውን ይቀባና ሽታው እስኪጠፋ እዚያው ይደር።

አማት፦ ይሁን። የመብራቱንስ ገመድ አይተሽዋል?

ምራት፦ እሱን ልነግርዎ ነበር። ሶኬቱ ሲሞቅ ይታወቀኛል።

አማት፦ በጥቅምት 2017 ሸማ ተራ ሲቃጠል ጢሱን ከዚህ ቆመን ነው ያየነው። ያን ሌሊት እዚህ ግቢ የተኛ ሰው የለም። አሮጌ ገመድ ላይ ቺፑድ ቸንክሮ መሸፈን አልወድም። ኮርኒሱ የሚመታው ገመዱ ከተለወጠ በኋላ ነው፤ ይሄን ባትዪኝም እል ነበር።

ምራት፦ የቀረን ጊዜው ነው። የእኔ የወሊድ ፈቃድ ከመውለዴ በፊት 30፣ ከወለድኩ በኋላ 90 ቀን ነው። እሱ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በ1156/2011፣ የሚያገኘው ሦስት ተከታታይ ቀን ብቻ ነው።

አማት፦ ሦስት ቀን? አራስ ለማጠብ እንኳ አይበቃም።

ምራት፦ ለዚህ ነው ሥራው ከመውለዴ በፊት ማለቅ ያለበት። ምርጊቱ ለመድረቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ እርጥብ ቤት ውስጥ ደግሞ አራስ መተኛት የለባትም። ግድግዳው ሲነቀል አቧራው ስለማይቻል ኮልፌ እህቴ ጋ እቆያለሁ። ኮርኒሱና ቀለሙ ሊዘገይ ይችላል።

አማት፦ ለክርስትናውም?

ምራት፦ ወንድ ከሆነ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን አለን። ባይደርስም የግቢው ሰው እዚሁ ነው፤ ድንኳኑና ወንበሩ ከእድር ይመጣል። ቤት ውስጥ የሚቀመጠው ጥቂት ሰው ነው።

አማት፦ የልጅ ልጄን ክርስትና በድንኳን ማድረግ አላፍርበትም። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ እንስማማ። አራስ ጠያቂ ሲመጣ የሚያስል ሰው ሕፃኑን እንዳያቅፍ ትፈልጊያለሽ አይደል?

ምራት፦ በጣም። እንዴት እንደምናገር ግን ጨንቆኛል። ገንፎ ይዞ የመጣን ሰው...

አማት፦ አንቺ እንዳትናገሪ። አራስ ጠያቂ አባረረች ይሉሻል፤ የግቢ ስም ደግሞ ቶሎ አይለቅም። እኔ በር ላይ እቀመጣለሁ። ያሳላትን «እዚህ ከእኔ ጋ ቡና ጠጪ» ብዬ በረንዳ ላይ አስቀራታለሁ። ከሰሉም እዚያው ስለሚሆን ማንም ነገሬ አይለውም። ገንፎዋንም እኔ አስገባልሻለሁ።

ምራት፦ እማዬ...

አማት፦ በይ አሁን ስልክሽን አንሺና ደውዪልኝ፣ ከሱቅ ሳይወጣ ላግኘው። ቺፑዱን ዛሬ እንዳይከፍልበት። ነገ የሚመጣው አናጺ ይቅርና መራጊ ይፈልግ፤ አሸንዳና አንድ ጭነት ድንጋይ ይጠይቅ። ወረዳ ጠዋት እኔ እሄዳለሁ። ጭዱንም ሌላ ሰው አያመጣውም፤ ጭድ ተራ ራሴ ሄጄ ጨብጬ፣ ሻጋታ የሌለውን መርጬ ነው የማስጭነው።